የእህትሽን ልጅ ታስገቢያለሽ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ነገር ነው። "እትዬ ሙሉ፣ ለልጄ የቱ ስኩል ይሻላል?" ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይጠይቁኛል፤ ሰንሪጅ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ስመርጥ ይጠይቁኛል። በቀደም ራንድል ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ አንዲት ወጣት እናት ስትሮለሯን እየገፋች መጥታ፣ ገና ጥርስ ላላወጣ ልጇ ስለ ቻርተር ስኩል ታማክረኝ ጀመር። ደስ አለኝ እንጂ አልተቆጣሁም። ሥራዬ እሱ ነበርና።

ችግሩ ሁሉም የሚፈልጉት ስም ነው። አንድ ስም ጥሪልንና እንሂድ ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ስም አልጠራም። ትምህርት ቤት እንደ ሐኪም ነው፣ አንዱን የፈወሰ ሌላውን ላያድን ይችላል። "ስም ተዪው፣ እንዴት እንደሚታይ ላሳይሽ" ስላቸው ፊታቸው ቅጭም ይላል። ልጄ እንኳን "ማሚ፣ ጀስት ንገሪያቸው" ትለኛለች። እንግዲህ ለእያንዳንዱ እየደገምኩ ከምደክም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ቻርተር ስኩል ማለት፣ ለማያውቀው፣ ገንዘቡን ከመንግሥት እያገኘ ግን በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። የራሴ መንገድ አለኝ ብሎ ይነሳል፤ አንዱ በሙዚቃ አስተምራለሁ ይላል፣ አንዱ በሳይንስ፣ አንዱ በጥብቅ ሥርዓት። ፈቃዱ ለተወሰነ ዘመን ነው። ዘመኑ ሲያልቅ፣ ቃልህን ጠብቀሃል ወይ ብለው የሚጠይቁ ገምጋሚዎች ይገባሉ። ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥቼ መጀመሪያ በምሳ ሰዓት ልጅ ጠባቂ ሆንኩ፣ ቀጥሎ የአስተማሪ ረዳት፣ እንደገና ተምሬ ወረቀቴን ሳወጣ ደግሞ ዋይትሆርን አካባቢ ሁለተኛ ክፍል አስተማሪ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ ሬንቱን ከፍሏል፣ ልጆቼን አሳድጓል፣ ይመስገን።

ግምገማን ያስተማረችኝ ዶሪን ትባላለች። የጎረቤታችን ክፍለ ሀገር የሳስካችዋን ገበሬ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቡናና ኩኪ ደርድሮ ሲጠብቀን፣ ዶሪን "ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤት የት ነው?" ትላለች። የመምህራኑን ሲያሳዩዋት የልጆቹን ትመርጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ፊኛዋ የታመመ መስሎኝ አዝኜላት ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። "ሳሙና ካለ፣ በሩም የሚቆለፍ ከሆነ፣ እዚህ ቤት ልጅን የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው" አለችኝ።

ምሳዋን ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ትበላለች። ብርዱ ፊት በሚቆርጥበት ቀን ሜዳ ወጥታ ትቆማለች፣ ብቻውን የቆመ ልጅ ካለ ማን ወደ እሱ እንደሚሄድ ለማየት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ታያለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የሠራችው አስተማሪዋ ናት፣ ልጆቹ የያዙት መቀስ ብቻ ነው። ልጅ ፊት ብዕር አታወጣም። "ትምህርት ቤትሽን ትወጂዋለሽ?" ብላም ልጅ ጠይቃ አታውቅም። የምትጠይቀው "የተሳሳትሽውን አሳዪኝ" ብላ ነው። ልጁ ደስ ብሎት የተሳሳተውን ገልጦ ካሳየ ጥሩ ቤት ነው። ደብተሩን ወደ ደረቱ ካስጠጋ እዚያ ቤት መሳሳት ያስፈራል።

ከዚያ መኪና ውስጥ እንገባለን። የመጀመሪያው ቀይ መብራት እስኪይዘን ድረስ ቃል አትተነፍስም። መብራቱ ሲይዘን "በይ እስቲ" ትለኛለች። እኔ ያየሁትን ሁሉ ስዘረግፍ ታዳምጣለች፤ ስጨርስ "ይህን ያየሽው ነው ወይስ የነገሩሽ?" ትላለች። ስንቱን ነገር ያየሁ መስሎኝ የነገሩኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የእኛ ሰው፤ ዶሪን አማርኛ ሳትሰማ ተረቱን ትኖረው ነበር።

ግን ዶሪንም ብትሆን አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ወድቃለች። ትንሽ ቻርተር ስኩል ነበረች፤ ዳይሬክተሯ ደግ፣ መምህራኑ ትሁት፣ ልጆቹ እንደ ፋሲካ ዶሮ የሚያማምሩ። ንባባቸው ግን አልጣመንም። ምን እንጻፍ ስንባባል፣ በቢሮ እንደለመድነው ለስለስ አድርገን "በንባብ ረገድ ለተጨማሪ እድገት ሰፊ ዕድል አለ" ብለን ጻፍን። እኛ "ልጆቹ አያነቡም" ማለታችን ነበር። ዳይሬክተሯ ደግሞ ሰፊ ዕድል የሚለውን አይታ፣ ገጹን በወርቃማ ፍሬም አስገብታ መግቢያው ላይ ሰቀለችው። ክው አልኩ ሳየው።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ቡድን ገባ፤ እነሱ ግልጹን ጻፉ። ወላጅ ደነገጠና ልጁን ማስወጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቷ በበረዶው መሃል፣ በዓመቱ አጋማሽ ተዘጋች። ልጆቹን ወደ ሌላ ቦታ ለመደልደል ስንረዳ ዶሪን ያ ፍሬም ፊት ቆመች። አላለቀሰችም፤ ዶሪን አታለቅስም። "እኛ ቀድመን በግልጽ ብንናገር ለማስተካከል ጊዜ ይኖራቸው ነበር" አለች። ከዚያ ወዲያ የሪፖርታችን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ነጂ አንብቦ የሚገባው መሆን አለበት የሚል ደንብ አወጣች። ቢሮ አንዳንዶቹ ሳቁብን። ይሳቁ።

ዶሪን ጡረታ ወጣች፤ እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም ልቤ ላይ የቀረውን ግምገማ ነው።

በከተማው ሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለ ቻርተር ነው። ዩኒፎርም አለው፣ የቤት ሥራ አለው፣ ልጆቹ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ይላሉ። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ሐበሻው ልጅ ሲወልድ ተራ መጠበቂያው መዝገብ፣ ዌይቲንግ ሊስቱ ላይ ያስመዘግባል። ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ከረባቱ ላይ ሁልጊዜ የቾክ አቧራ አይጠፋም። በወላጆች መጠይቅ ትምህርት ቤቱ አንደኛ እንደሆነ ነገረኝና ፈገግ ብሎ ጨመረ፦ "ከሁሉም ይበልጥ ደስተኞቹ ደግሞ ያንቺ ማኅበረሰብ ናቸው። አንድም ቅሬታ ኖሯቸው አያውቅም።"

ያኔ ነው የጠረጠርኩት። ቅሬታ የሌለው ሐበሻ? ቤተ ክርስቲያን ማይክራፎኑ ጮኸ፣ አልጮኸም ብሎ ሳምንት የሚያወራ ሕዝብ?

ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። አስተማሪዋ ሚስ ካይሊ ወጣት ናት፣ ለልጆቹ ስትናገር ተንበርክካ ዓይን ለዓይን እያየች ነው። ወደድኳት። አንዷን ልጅ፣ ሶልያና የምትባል ባለ ሁለት ሹሩባ፣ አጠገቤ አስቀመጥኳትና እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። የምትወደውን መጽሐፍ አመጣች፤ ስለ አንድ በረዶ የሚፈራ ድብ ነው። እንደ ውሃ ፉት አለችው። ድምፅ እየለዋወጠች፣ ድቡ ሲያለቅስ እያለቀሰች። የሥራ ባልደረባዬ ከወዲያ ሆኖ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

እኔ ግን የማየው ዓይኗን ነው። ዓይኗ ሥዕሉ ላይና እኔ ፊት ላይ ነው እንጂ ፊደሉ ላይ አይደለም። እንግዲህ አዲስ አበባ ፊደል ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሀ ሁ ሂ እንደ መዝሙር የሚያወርድ ልጅ ሞልቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ ድንገት "ሞ"ን በማስመርያ ስትነካበት ግን ዝም ይልና፣ በለሆሳስ "መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ" እያለ ከራሱ ተነስቶ እየቆጠረ እዚያ ይደርሳል። የሚያውቀው ዜማውን ነው፣ ፊደሉን አይደለም።

ለሶልያና ከገጹ መሃል አንድ ቃል በጣቴ ነካሁና "ይቺ ምን ትላለች?" አልኳት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ገጹ አናት ሄደ፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከመጀመሪያው ተነስታ በሹክሹክታ እየወረደች ጣቴ ያለበት ደረሰችና "ስኖው" አለች። ትክክል ነው። አንጀቴን በላችው። አይታው የማታውቀውን መጽሐፍ አውጥቼ ስሰጣት ደግሞ "ኔክስት ታይም ላድርገው?" አለችኝ በጨዋነት። አቅፌ ብስማት ደስ ባለኝ፤ ግን ሥራ ላይ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የወላጆች ውይይት ነበር። አማርኛ ተናጋሪዎቹን እኔ ያዝኳቸው። ሁሉም "ኧረ በጣም ጥሩ ነው"፣ "ቲቸሮቹ ያከብሩናል"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ይመስገን፤ ግን ይህ ለሰላምታ እንጂ ለግምገማ አይሆንም። ሰው ፊት፣ ያውም ወረቀት የያዘች ባለሥልጣን ፊት፣ ልጅህን የሚያስተምርልህን ሰው ማማት ነውር ነው። ሁሉም ሲወጡ አንዷ ኮቷን እየፈለገች ቀረች። ገነት ልበላት፣ የእሷንም የልጇንም ስም ቀይሬዋለሁ፤ የሶልያና እናት ናት። ዋይትሆርን ትኖራለች፣ ኤርፖርት አካባቢ ሆቴል ውስጥ የጠዋት ሺፍት ትሠራለች፣ የሥራ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

አዲስ አበባ የነበረች አክስቴ ሰው ማጣራት የምታውቅበት ሴት ነበረች። ልጅ ሊዳር ሲል ስለ ሙሽራው ጎረቤት ይጠየቃል፤ ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ "ጨዋ ልጅ ነው" ይላል። አክስቴ በዚያ አትመለስም። "እህትህን ትሰጠዋለህ ወይ?" ትለዋለች። ያኔ ጎረቤት ማሳል ይጀምራል። እኔም ከሌላ ሳይሆን ከእሷ የቀዳሁትን ጥያቄ ገነትን ጠየቅኳት።

"ገነትዬ፣ እህት አለሽ?"

"አለችኝ፣ ሬድስቶን ሰፈር ነው ያለችው።"

"የእሷን ልጅ እዚህ ታስገቢያለሽ?"

ኮቷን እጇ ላይ አንጠልጥላ ቆመች። "ሩቅ ነው ለእሷ፣ እትዬ።"

"አውቶቡሱ በሯ ላይ ቢቆምስ?"

ሳቅ አለችና ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እትዬ ሙሉ፣ ምነው ባያስወሩኝ?"

ወንበር ሳብኩላት። ነገሩ ቀስ ብሎ ወጣ። የባቡር ጣቢያውን ማስታወቂያ አንብቢልኝ ስትላት ሶልያና ደክሞኛል ትላለች። የታናሽ ወንድሟን መጽሐፍ አንብቢለት ስትላት ሥዕሉን እያየች የራሷን ተረት ትፈጥርለታለች። አባትየው ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ሲደውል ልጅቷ የድቡን ታነብለታለች፣ እሱም "ጎበዝ" ይላታል።

"ለቲቸሯ ነግረሻታል?"

"እንዴት ብዬ? ልጄን ተቀብላ እያቀፈች እያሳደገችልኝ፣ ልጄ አልገባትም ልበላት? ውለታ ቢስ አልሆንም? ደግሞም ሪፖርት ካርዷ ጥሩ ነው።" ስልኳን አውጥታ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። አነበብኩት። ሶልያና ለክፍላችን ደስታ ናት ይላል። ደግ ጓደኛ ናት፣ ራሷን ችላ ወደ ማንበብ በመጓዝ ላይ ናት ይላል።

"ገነት፣ ይህ እኮ አታነብም ማለት ነው።"

"በመጓዝ ላይ ናት ነው የሚለው።"

"አዎ። አልደረሰችም ማለት ነው።"

ስልኳን ተቀብላኝ መልሳ አነበበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚል እየተቀበለች ፍሪጅ ላይ በማግኔት ትለጥፈው ነበር። አላለቀሰችም አሁን፤ ፊቷ ደም ለበሰ። "ታዲያ ለምን በቀጥታ አይነግሩኝም? እኔ እኮ እናቷ ነኝ።" ቀጥላ ወዲያው ፈራች። ስሜን አይጻፉ አለችኝ። ዌይቲንግ ሊስት ላይ ስንት ጊዜ ጠብቃ ያገኘችው ቦታ ነው፤ በእሷ አፍ ምክንያት ቢዘጋ ሕዝቡ ምን ይላታል? ደግሞስ ሶልያና የት ትሄዳለች?

ሪፖርቱ ላይ ስሟን እንደማልጽፍ ነገርኳት። እንደማይዘጋ ግን ቃል ልገባላት አልቻልኩም፤ አላውቅማ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ራስሽ ለቲቸሯ ብትነግሪያት ይሻላል" ብቻ አልኳት። "እሞክራለሁ" አለች። እሞክራለሁ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሐበሻ ለሐበሻ አይነገርም።

በነጋታው ከዳይሬክተሩና ከሚስ ካይሊ ጋር ተቀመጥን። የገነትን ሳላነሳ ራሴ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሦስተኛ ክፍል ካስነበብናቸው ልጆች መሃል መጽሐፍ በቃላቸው የሚያወርዱ፣ አዲስ ገጽ ግን የማያነቡ እንዳሉ። ዳይሬክተሩ "ሶልያና ጭምር?" አለ። "በየዓርቡ ቢሮዬ መጥታ ታነብልኛለች እኮ።"

"ስለ ድቡ?"

ከረባቱን ነካካ። "ስለ ድቡ" አለ ቀስ ብሎ።

ሚስ ካይሊ ግን አልተገረመችም። ታውቃለች። ብቻዋን ስትቸገር ከርማለች፤ በየሳምንቱ ሶልያናን ለብቻዋ አስቀምጣ ታስነብባታለች፣ ግን ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ጊዜው አይበቃትም። "ለእናቷ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ" አለችኝ። "ቤት ውስጥ ትንሽ ድጋፍ ብታገኝ ጥሩ ነው ባልኳት ቁጥር እጄን ይዛ ታመሰግነኛለች። ባለፈው ደግሞ ትልቅ ዳቦ ጋግራ አመጣችልኝ። የተጨነቀች እናት ዳቦ ታመጣለች?"

"የእኔ ልጅ" አልኳት፣ አማርኛዬ አምልጦኝ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠልኩ፦ "በእኛ አገር ዳቦ የምታመጣው የተጨነቀችዋ ናት።"

ያኔ ነው ነገሩ ለእኔም ቁልጭ ያለው። የካናዳ ሰው ክፉ ዜና ሲናገር በጥጥ ጠቅልሎ ነው፤ ሰሚው ራሱ ፈትቶ ያያል ብሎ። የእኛ ሰው ደግሞ ስጦታ ሰጪ ፊት አይፈታም፤ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ሚስ ካይሊ ተናግሬያለሁ ትላለች፣ እውነቷን ነው። ገነት ደህና ነው ብለውኛል ትላለች፣ እሷም እውነቷን ነው። ማንም አልዋሸም። ሁለት ጨዋነት ተገናኝቶ ልጅቷ በመሃል ወደቀች። እኔ ሁለቱንም ጨዋነት ስለምኖርበት ነው የታየኝ እንጂ፣ ብልህ ሆኜ አይደለም።

ሪፖርቱን ስንጽፍ ባልደረባዬ የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ይታገድ ባይ ነበር። እኔ አልኩት፦ አስተማሪዋ ታውቃለች፣ ዳይሬክተሩ ሲነገረው ከረባቱን ነካ እንጂ አልተቆጣም፣ የልጆቹ መጸዳጃ ቤት ሳሙና አለው። ይህ ቤት የሚታከም ነው። ተከራከርን፤ እልኸኛ ነኝ፣ እሱም አይተናነሰኝም። በመጨረሻ ለአጭር ዘመን ይታደስ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፣ ብለን ተስማማን። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ በየመንፈቁ እያንዳንዱ ወላጅ፣ ካስፈለገ በአስተርጓሚ፣ ተቀምጦ ልጁ ያነባል ወይስ አያነብም በግልጽ ይነገረው፤ ወላጁም ምን እንደተሰማው ይጠየቅ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገራችን እንዲህ አለች፦ "በዚህ ትምህርት ቤት ከሦስተኛ ክፍል ልጆች አንዳንዶቹ ማንበብ አይችሉም፤ ወላጆቻቸውም ይህን አያውቁም።"

ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ወላጆቻቸው አያውቁም የምትለዋን ማለስለስ ይቻላል ወይ አለ። ቦርዱ ፊት እንዴት ይዤ እቀርባለሁ አለ። አሳዘነኝ፣ እውነት ለመናገር። ስለ ወርቃማው ፍሬም ነገርኩት። "ይሄኛውን ግድግዳ ላይ መስቀል አይቻልም" አለ። "አይቻልም" አልኩት። ሳቀ፤ ብዙም የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ቦርዱ ሲሰማ ጫጫታ ሆነ አሉ። ማኅበረሰቡ ውስጥም ወሬው ተናኘ፤ ሙሉወርቅ የሐበሻውን ስኩል ልታዘጋ ነው ተባለ። አንድ ሁለት ሰው እሑድ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ተቃጠልኩ፤ ምን ይዋሻል። ገነትን ሳያት ደግሞ አንገቷን ደፍታ ታልፈኝ ነበር። ለቲቸሯ ነግራት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ የምጠይቅበት ቦታም አልነበረም። ማታ ማታ ግን የማስበው ያቺ ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከገጹ አናት ስትነሳ ነው። ቅድመ ሁኔታ ወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሁለት ጨዋ ሰው ማፋጠጥ ግን ከባድ ነው።

በተከታዩ ዓመት ለክትትል ተመለስኩ። ጡረታዬ ቀርቦ ነበር፤ የመጨረሻ ሥራዬ እንደሚሆን አውቄያለሁ። ያን ቀን የወላጅና አስተማሪ ውይይት ነበር፤ በወላጆቹ ፈቃድ ጥግ ይዤ እየተቀመጥኩ አዳመጥኩ። ሚስ ካይሊ ልጆቹን ይዛ አራተኛ ክፍል ተሻግራለች። ገነት ገባች፣ ሶልያና መሃል ተቀመጠች። አስተርጓሚ ተመድቦ ነበር፤ ገነት አልፈልግም አለች። እኔን አየችኝ፣ በዓይኗ ሰላም አለችኝ፣ ከዚያ ዘወር አለች።

ሚስ ካይሊ እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። የፈራች ትመስላለች። "ሶልያና አሁን ታነባለች" አለች። "ቀስ ብላ ነው። ከክፍሏ ልጆች አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ናት። ይህ በራሱ የሚስተካከል አይደለም፤ ሥራ ይፈልጋል።" ጥጡን ፈትታ ነው የሰጠቻት። አሁን ታመሰግናታለች አልኩ በሆዴ፤ አሁን እጇን ትይዛለች፣ ያልቅልናል።

ገነት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። እንግሊዝኛዋን ስትሰበስብ ታየኝ። "ሚስ ካይሊ" አለች፣ "አይ አም ኖት ሃፒ።"

ገነት ራሷ የደነገጠች መሰለኝ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ሚስ ካይሊ ወንበሯን ወደ እሷ ሳበች። "እኔም አልተደሰትኩም" አለቻት። "ንገሪኝ።"

ገነት ነገረቻት። ሁሉንም። ለምን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አልነገራችሁኝም አለች፤ ሰባራ በሆነ እንግሊዝኛ፣ መሃል መሃል ላይ አማርኛ እየገባባት፣ እኔን እንድተረጉም እንኳ ሳትዞር። ሚስ ካይሊም አልሸሸችም። የቤት ንባብ በየቀኑ ይሁን አለች፤ ገነት በየቀኑ አልችልም፣ ሺፍት አለኝ አለች፤ እንግዲያው ከትምህርት በኋላ እዚህ ትቆይ አለች ሚስ ካይሊ፤ ማን ይመልሳታል አለች ገነት። እንደ ሁለት ጎረቤት ስለ ልጅ ተጨቃጨቁ። ሃያ ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ስዞር ከሰማሁት ውይይት ሁሉ ያን ያህል ያማረ አላስታውስም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሁለቱ ሲከራከሩ ሶልያና ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ወደ ራሷ ስባ ነበር። ስለ ድብ አይደለም፤ እኔም አይቼው የማላውቀው አዲስ ነው። መሃሉን ገልጣ፣ ከየትም ሳትነሳ፣ ጣቷን አንድ ቃል ሥር አስቀመጠች። ተንገዳገደች፣ አቆመች፣ ተመልሳ ሞከረች፣ አለፈችው። ማንም አንብቢ አላላትም፣ ከእኔ በቀር ማንም አላያትም፤ እናቷና አስተማሪዋ ስለ አውቶቡስ ሰዓት እየተነጋገሩ ነበር። ልጅቷ ገጹን ጨርሳ ቀጣዩን ገለጠች።